እንስላል የማይገባበት ቀን

በደቡብ ባለችው ትንሿ ከተማችን በራፖላ ኢንኮሮናታን በሙሉ ስሟ የሚጠሯት ቄሱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሲቆጧት ነው። ሌላው ሰው ናታ ይላታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ናታ ለምን»። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ጥያቄ ግን አያልቅባትም። ዶሮ ውኃ ስትጠጣ ለምን ሰማይ ታያለች? ደወሉ በዝናብ ቀን ለምን ድምፁ ይወፍራል? ቶሪኖ መኪና ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሟ ለምን ደብዳቤውን ሁልጊዜ «በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ» ብሎ ይጀምራል? መልስ ያጣች ቀን እሷ አትተኛም፤ መልስ ያገኘች ቀን ደግሞ እኛን አታስተኛንም።

አባቷ ሳቪኖ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ የወይኑ ፍሬ ገና ጥሬ ሳለ ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ ከሆነው ከቩልቱሬ ተራራ ሥር ያለችው የወይን ቦታቸው ትንሽ ናት፤ ከላይኛው ጫፍ የተጠራ ሰው ታችኛው ጫፍ ላይ ሆኖ «አቤት» ይላል። ተክሉ አሊያኒኮ የሚባለው፣ ዘግይቶ የሚበስለው ዘር ነው። ሌላው አገር ወይኑን ለቅሞ፣ ጨምቆ፣ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ የእኛ ገና ሐረጉ ላይ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ጉም ውስጥ፣ ጣታችን እየደነዘዘ የምንለቅመው ነገረኛ ወይን ነው።

ናታ መግረዙንም፣ መልቀሙንም፣ መሸከሙንም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የማታውቀው ከዋሻው በር ወዲያ ያለውን ነበር። እኛ ዘንድ ወይን ጠጅ የሚቀመጠው ዓለቱ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ነው፤ ጭማቂው በሚፈላበት ወራት ሴት ከገባች አቼቶ ይሆናል ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሴት እንዳልሆነች ግን እምላለሁ።

ሳቪኖ በሞተ በሦስተኛው ወር መከሩ ደረሰ። ናታ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ ገባች። አደባባዩ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱማ «ለሰላጣ የሚሆን አቼቶ መቼ ይደርስልናል?» አላት። የናታ ደም ስር ተገተረ። «ስለ ወይን ከእናንተ አንዳችሁን እንኳ ብጠይቅ ስሜ ይለወጥ!» አለች። ለጥያቄ የተፈጠረች ሴት እንዲህ ብላ መማል አልነበረባትም፤ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣባት ይኸው መሐላ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ከየት አወቀችው ለሚል፣ ሳቪኖ እራት ላይ ሲያጉረመርም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ቀስራ ሰምታለች። ሸሚዙን ስታጥብ ከሽታው ወይኑ የትኛው ቀን ላይ እንደደረሰ ትለይ ነበር። ጭማቂውን አፈላች፣ አጠለለች፣ በርሜል ውስጥ ከተተች፣ ጠበቀች። ሽታው አቼቶ አልሆነም። አደባባዩም ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ ግን ማመኑ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው በዚህ ዓመት ጥር ላይ፣ ከበርሜሉ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድታ ስትቀምስ ነው። ቀለሙ ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረው። ሽታው ደስ ይላል። አፏ ውስጥ ሲገባ ግን ምላሷን ጨምድዶ ያዘው፤ ድዷ ደረቀ፤ የሱፍ ካልሲ ያኘከች መሰላት።

«አበልጄ፣ ነይ እስኪ ይህን ቅመሺልኝ» ብላ ጎረቤቷን ቪንቼንዛን ጠራች። ናታ ለቪንቼንዛ ሴት ልጅ የክርስትና እናት ናት። ቪንቼንዛ መበለት ናት፤ ነገር አትደብቅም፤ ብትደብቅም አታሳድርም።

ቪንቼንዛ ጎንጨት አለችና ፊቷ ተጨማደደ። «ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለ ፊት ያየሁበት የሠርጋችን ማግስት ነው።»

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወይን ሲቀመስ እኔም እንዳንቺው ውጪ ነበርኩ።»

በዚያው ሳምንት የወንድሟ የካኒዮ ደብዳቤ ደረሰ። በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ ይልና ይቀጥላል፤ የወይን ቦታው እንዲነቀል፣ መሬቱ እንዲሸጥ፣ እሷም ቶሪኖ ሄዳ ከእሱ ቤተሰብ ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ እንድትኖር ይፈልጋል። ልጆቹን የሚይዝለት ሰው አጥቷል። ካኒዮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ መልካም ያደረገ እየመሰለው ነው። ናታ ስትለምነው ግን አንድ ነገር ተስማማላት። ከፋሲካ በኋላ፣ ሳቪኖ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የወይን ደላላው ዶን ሊቦሪዮ ይመጣሉ፤ በርሜሉ ላይ ክብ ምልክት ካደረጉ የወይን ቦታው ይቀራል። ሰረዝ ካሰመሩ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች።

ይህን ለማያውቅ፣ ሰረዝ ማለት ለቦቴ ማለት ነው። ቦቴው መጥቶ ከሁሉም ዋሻ ያለውን ይቀላቅልና ወደ ሰሜን ይወስደዋል፤ እዚያ የእነሱን ቀጭን ወይን ቀለም እንዲያወጣ፣ ጉልበት እንዲሰጥ ያፈሱበታል። ክብ ማለት ደግሞ ለጠርሙስ፣ በስሙ ተጠርቶ ገበታ ላይ የሚቀርብ ማለት ነው። ናታ ዋሻው ውስጥ መጀመሪያ የገባች ቀን ያየችው የበርሜሉን ፊት ነው። የጠመኔ ሰረዝ በሰረዝ ላይ፤ ጎልቶ የሚታየው የቅርቡ፣ ከሥሩ በግማሽ የጠፋው የድሮው። አንድም ክብ አልነበረበትም።

ዶን ሊቦሪዮ እንዳይመጡ ማድረግ አይቻል፤ ወይኑን እንደገና መሥራት አይቻል። ናታ የቀራት የምታውቀው ነገር ብቻ ነበር፤ መጠየቅ። አባዬ ይህን የሱፍ ካልሲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከንፈሩን እየላሰ የጠጣው እንዴት ነው?

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ባቄላ ስትፈለፍል ድንገት ትዝ አላት። ሳቪኖ ብርጭቆውን ቀድቶ ፊቱ ያስቀምጣል እንጂ አይነካውም ነበር። ሳህኑ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ይጎርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠጣው። አንድ ቀን እንኳ በባዶ አፉ ሲጠጣው አላየችም።

«ከምግብ ጋር ነው!» ብላ ባቄላውን በትና ተነሣች። «የትኛው ምግብ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የናታ ማድ ቤት እሳት አልጠፋበትም። መጀመሪያ በጨው የደረቀውን ዓሣ ዘፍዝፋ ጠበሰች፤ አብረው አፏ ውስጥ ሲገቡ የዛገ ሚስማር የላሰች መሰላት፤ ዓሣው ለድመቷ ሆነ። እሾሃማው አትክልት ካርቾፎ ደግሞ ወይኑን ከመራራም መራራ አደረገው። በሚጥሚጣ የተጠበሰ ቃሪያ አፏን እሳት ለቀቀበት። እንቁላል ምንም አላለም። ከማር ኬክ ጋር ስትቀምሰው ቪንቼንዛ «ይህንንስ ለጠላቴ» አለችና ኬኩን ለብቻው ጨረሰችው። በፖም የሞከረችው ዕለት ግን ከሁሉ ከፋ፤ ፖሙ ወይኑን ልብሱን ገፎ ራቁቱን አቆመው። ናታ ለሁለተኛ ጊዜ በፖም ቀመሰችው፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ፈልጋ ነው። ሻካራነቱ ሁሉ ወጣ። አቼቶ አቼቶ የሚል፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ነገር ግን ፈልጋ አጣችበት።

መንገዱን ያሳያት ፎርማጆ ነው። ዋሻው ጣሪያ ላይ ዓመት የተሰቀለ፣ ሲቆረጥ የሚፈረፈር ጠንካራ ፎርማጆ። ቁራሽ ጎረሰች፣ ጠጣች፣ ቆመች። የሱፍ ካልሲው የለም።

«አበልጄ! ስቡ ነው! ስብና ጨው ሲያገኝ ይለሰልሳል!»

«እኔም ስብና ጨው ሳገኝ እለሰልሳለሁ» አለች ቪንቼንዛ።

ከፎርማጆ ወደ አሳማ ቋሊማ፣ ከቋሊማ ወደ በግ። ጠቦት አልሆነም፤ ወይኑ ይውጠዋል። ብዙ የወለደች፣ ሥጋዋ የጠነከረ በግ ናት የቻለችው። ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ ጥቂት ቲማቲም፣ ከላይ ፎርማጆ፣ የሸክላ ድስቱን ከድኖ ከጠዋት እስከ ቀትር ዝግ ባለ እሳት። መሐል ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ናታ ግን አላቆመችም፤ ሄዳ ለቄሱ ተናዘዘች። «አባ፣ የበግ ወጥ ቀምሻለሁ፤ ግን ለጥናት ነው።» ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተርፏል?» አሏት።

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር፤ እንስላል። እንስላል የወይን ቦታው ዳር ሁሉ ሳይዘሩት የሚበቅል ነው። ሳቪኖ ይወደዋል፤ ቋሊማው ውስጥ ዘሩ ከጎደለ ያኮርፋል። ደላላው በሚመጣበት ቀን ብቻ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ «ዛሬ እንስላል የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ» ይላታል። ወጡን ሠርታ ድስቱን ምድጃ ላይ ትታ እንድትወጣ ያደርጋታል፤ እሷም ቪንቼንዛ ቤት ሄዳ በመስኮት የወንዶቹን ጀርባ ስታይ ትቆያለች። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት «እንስላሉ ለምን?» ብላ ጠየቀችው። «ብያለሁ» አላት። ማታ ደግሞ «ምን አወራችሁ?» ትለዋለች። መልሱ በየዓመቱ አንድ ነው። «ስለ ዝናብ።»

ወይኑን ይጎዳው ይሆን? አለች። ከወይኑ ሥር የበቀለውን ለምለም ቅጠል ቆርጣ ድስቱ ውስጥ ጨመረችና ክፉውን እየጠበቀች ቀመሰችው። ክፉ አልነበረም። የበጉ ክብደት ቀለል አለ፤ ወይኑ ውስጥ ተደብቆ የነበረ የእንጆሪና የእሳተ ገሞራ አፈር ሽታ ብቅ አለ። ደግማ ደጋግማ ቀመሰችው። ቪንቼንዛም ቀመሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም።

«እና አባዬ ለምን ከለከለኝ?»

«አደባባይ ያሉትን ጠይቂያቸዋ።»

«ምያለሁ።»

«እንግዲያው መሐላሽን በወጥ ብዪው» አለቻት ቪንቼንዛ።

ናታ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ስትጠይቅ የኖረች ሴት፣ የምታስፈልጋትን አንዲት ጥያቄ በኩራቷ ዋጠቻት። አባዬ ተሳስቶ ነው፣ አለችና ነገሩን ዘጋችው።

ዶን ሊቦሪዮ የመጡት ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ፣ ወደ ቀትር ላይ ነው። ሰባውን ያለፉ፣ ከሲታ፣ አረንጓዴ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የወይን እንከን የሚያጋልጥላቸው ፖምና ትንሽ ቢላዋ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ካኒዮ ከቶሪኖ መጥቶ፣ ተላጭቶ፣ የከተማ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ተቀበላቸው። ወደ ዋሻው የሚኬደው በማድ ቤቱ በኩል ነው። ናታ ነጭ ጨርቅ አንጥፋለች፤ ዳቦው ተቆርሷል፤ የድስቱ ክዳን ገና መነሣቱ ነው።

ዶን ሊቦሪዮ ደፉ ላይ ቆሙ። አፍንጫቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«እንስላል ነው?»

«አዎ ዶን ሊቦሪዮ፣ ከወይኑ ሥር የበቀለ ነው!» አለች ናታ ኮራ ብላ።

አውልቀው የነበረውን ባርኔጣ መልሰው ደፉት። «ካኒዮ፣ ልጄ፣ አባትህ ሌላ ሌላ ነውር ይኖረው ይሆናል፤ ሌባ ግን አልነበረም።»

ካኒዮ ክንዳቸውን ያዘ። «ምን አጠፋን?»

«ለወይን ገዢ እንስላል! የዱሮ ሌቦች እንኳ ትተውታል እኮ። ወይኑ የተበላሸበት ሰው ነው እንስላል ሊያስበላኝ የሚሞክረው። አንዴ ካኘክሁት ለአንድ ሰዓት ያህል ምላሴ እንጨት ነው፤ አቼቶ ብትቀዱልኝ ማር ነው ብዬ እሄዳለሁ። ለእኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ደህና ዋሉ።»

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!» ካኒዮ እህቱ ላይ ጮኸ። «አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ መቀመጥ አቃተሽ? በቃ፣ አለቀ፤ ነገ ሻንጣሽን ያዢ።»

ናታ ማዘንስ አዘነች። ግን ከማዘኗ በፊት፣ ለአንድ አፍታ፣ ፊቷ በራ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያብሰለሰላት ነገር ተፈታላታ!

«ለካስ ለዚህ ነው!» አለች ድምፅ አውጥታ።

ደጃፉን አልፈው የነበሩት ሽማግሌ ዞር አሉ። «ምኑ ነው ለዚህ?»

«አባዬ በእርስዎ ቀን እንስላል አታስገቢ ይለኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ሸኝቶኝ ስለሚቀበልዎት ወግ ልማዱን ከየት ልወቀው? ጣዕሙን ለማሻሻል ብዬ ነው እንጂ ለማታለል አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ፖምዎን ያውጡ» አለች ናታ። የዋሻውን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደች። «ወጡን አይንኩት። በፖም ይቅመሱት። እኔም በፖም ቀምሼዋለሁ፤ አስቀያሚ ነው። እንከን ግን የለበትም።»

ዶን ሊቦሪዮ አተኩረው አዩዋት። ወይን የሚሸጥ ሰው ፖም ከኪስ እንዳይወጣ ሲለማመጥ ነው የሚያውቁት፤ ፎርማጆ ይዞ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው እንጂ ፖምዎን ያውጡ ያላቸው የለም። «ነይ ምሪኝ» አሉ።

ዋሻው ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። ናታ ቀዳች። ሽማግሌው ፖሙን ልጠው፣ ቆርጠው፣ አላምጠው፣ ጠጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ መሬት ላይ ተፉት። ደገሙት። ካኒዮ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ያንገበግባል» አሉ በመጨረሻ። «ምላሴን ልጦታል። ግን እውነትሽን ነው፣ ንጹሕ ነው። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? እዚህ ገብተሽ?» ዙሪያውን አዩ፣ ግድግዳው እንዳልፈረሰ ለማረጋገጥ ይመስል። «ጎበዝ። ጥሩ ጉልበት አለው፤ ሰሜኖቹ ይወዱታል።» ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሰረዙን ሊያሰምሩ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አሉ።

ናታ ተጠጋች። ለመለመን አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልመና አልነበረም።

«ዶን ሊቦሪዮ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት? ይህን ወይን ከምግብ ጋር ጠጥተውት ያውቃሉ?»

ጠመኔው በርሜሉ አጠገብ ቆመ። «ደላላ ሥራ ላይ አይበላም። የበላ ደላላ ዓይኑን የጨፈነ ዳኛ ነው።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም። ቀምሼ፣ አስምሬ፣ ወደሚቀጥለው ዋሻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ።»

«ታዲያ ሰው ይህን በፖም ነው እንዴ የሚጠጣው?» አለች ናታ። ማሾፏ አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። «እርስዎ የሚያውቁት እንከን እንደሌለበት ነው። ምን እንደሆነ ግን በምን አወቁ?»

ካኒዮ «ተይ እንግዲህ» ሊል ሲል ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ቀና ብለው ሴትዮዋን አዩ፣ ጠመኔውን አዩ፣ በማድ ቤቱ በኩል የሚመጣውን ሽታ አሸተቱ። ሆዳቸውም የሰው ሆድ ነውና ድምፅ አሰማ።

«መፍረዱንስ ፈርጄዋለሁ» አሉ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሁሉ። «ንጹሕ ነው ብያለሁ። አሁን ብበላ ማን ያታልለኛል?»

ገብተው ተቀመጡ። ናታ በጎድጓዳ ሳህን ጨለፈችላቸው፤ ብርጭቆውን ቀዳች። ሊያነሡት ሲሉ እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው። «መጀመሪያ ሁለቴ ይጉረሱ።» ታዘዙ። ሁለቴ ጎረሱ፤ ጠጡ። ሰው እንዲህ ሲያኝክ አይቼ አላውቅም ትል ነበር ናታ በኋላ፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው እየቆሙ፣ እየተመለሱ። ብርጭቆውን አስቀመጡት። እንደገና አነሡት። ወጡን በዳቦ ጠርገው ጨረሱና ሳህኑን ገፋ አደረጉላት፤ ጨለፈችላቸው። ካኒዮም ቆሞ ማየት ሰልችቶት ተቀመጠ፤ ኮቱን አወለቀ፤ በላ። ከልጅነቱ ጀምሮ የቀመሰው ወጥ ነው፤ ቶሪኖ ውስጥ ያጣው ምን እንደነበር ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ እህቱን ማየት ተሳነው።

«አባትሽ» አሉ ዶን ሊቦሪዮ። ድምፃቸው ተለውጧል። «አባትሽ በየዓመቱ ሰረዙን ካሰመርኩ በኋላ እዚህ በር ላይ ይይዘኝ ነበር። ‹ተቀመጥና ብላ፤ ሽተተው፣ እንስላል የለበትም› ይለኛል። እኔ እስቃለሁ።»

«ለምን ነበር እንዲበሉ የሚፈልገው?»

«‹ወይኑን እኔ ጀምሬዋለሁ እንጂ አልጨረስኩትም፤ የምትጨርሰው ልጄ ናት› ይል ነበር። ‹ድስቷ ካልተከፈተ ይህ በርሜል ጎዶሎ ነው› ይላል። ሠላሳ ዓመት። የሻጭ አፍ ነው ብዬ ሄድኩ።»

ናታ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ መለሰች። እሷን ከዋሻው በር እየመለሰ የኖረው ሰው፣ በእሷ እጅ ሊያሸንፍ በዓመት አንድ ቀን እዚህ በር ላይ ቆሞ ይለምን ነበር። እንስላሉን የከለከላት ለዚህ ነበር።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ዋሻው ብቻቸውን ገቡ። ሲመለሱ ጣቶቻቸው ነጭ ነበሩ። ካኒዮ ሮጦ ሄዶ አየ። ከዚያ ሁሉ ሰረዝ በላይ፣ እጅ ያልለመደው፣ ዳርና ዳሩ በደንብ ያልገጠመ ትልቅ ክብ ነበር። ካኒዮ ለረጅም ጊዜ ከዋሻው አልወጣም።

«ሌላ ሁለት ክረምት እንጨት ውስጥ ይቆይልኝ» አሉ ዶን ሊቦሪዮ ካፖርታቸውን እየለበሱ። «ከዚያ በጠርሙስ፣ በአባትሽ ስም።» የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፉና «በሁለታችሁ ስም» አሉ።

ናታ እስከ ደጃፍ ሸኘቻቸው። «ዶን ሊቦሪዮ፣ አባዬ ልጄ ናት የምትጨርሰው ሲልዎት ወዴት እያየ ነበር?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ወዲያ፣ ወደዚያች መስኮት። ‹እያየችን ነው፤ ማታ ምን አወራችሁ ብላ ታደርቀኛለች› ይል ነበር።»

ናታ ወደ ቪንቼንዛ መስኮት ዞር አለች። መጋረጃው ነቅነቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም በሩ ተበርግዶ ቪንቼንዛ በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች መጣች፣ ሽርጧን እንዳገለደመች።

«ጉድ ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ! ሽማግሌው ባርኔጣውን ደፋ፣ ገባ፣ በላ፣ ወጣ፣ ጨረስኩ እኮ በጉጉት! ንገሪኝ፣ ምን አወራችሁ?»

ናታ ሁሉንም ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«ስለ ዝናብ» አለች፤ ከዚያም ያበልጇን ትከሻ ይዛ አለቀሰች።